የጤፍ ጭነት በአዲሱ አውቶቡስ ላይ

«ወደ ኋላ ክመሩት! ሁሉንም ወደ ኋላ!» ትላለች ሄመን፣ ከአውቶቡሱ መሰላል ሥር ቆማ።

ሠራተኞቹ የጤፍ ኩንታል እየተሸከሙ ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። የአዲሱን አውቶቡስ ጣሪያ በጭነት ለመሞከር የታዘዘው አሸዋ አልመጣም፤ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የሰበታ መንገድ ከጠዋት ጀምሮ በድንጋይ ተዘግቷል። በአሸዋው ምትክ የሚጫነው ጤፍ የነጋዴዋ የአዴ ተረፈች ነው። ከተፍኪ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ መንገድ ቢዘጋባቸው፣ ከነአይሱዙአቸው አውቶቡስ ፋብሪካው ግቢ ተጠልለዋል።

ሄመን የብረት ጥንካሬ የምታሰላ የኮንትራት መሐንዲስ ናት። ቀድሞ ለአውሮፕላን ክፍሎች ስታሰላ ለአንድ ግራም ትጨነቅ ነበር። እዚህም አውቶቡሱ እንዲቀል የጣሪያውን ተሸካሚ ብረት አቅጥናዋለች።

«የሙከራው መመሪያ ጭነቱ እኩል ይበተን ነው የሚለው» ይላሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ አሥራት።

«መመሪያውን የጻፈው ሰው በተፍኪ አውቶቡስ ተሳፍሮ አያውቅማ! መሰላሉ ከኋላ ነው። የትኛው ረዳት ነው ኩንታል ተሸክሞ እስከ ፊት የሚሄደው?»

«ጣሪያው ከጎበጠ የድሮውን ወፍራም ብረት እንመልሳለን። ያንቺም ውል አይታደስም።»

«ይሁን።»

«ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣» ይላሉ አዴ ተረፈች፣ «ጣሪያው ተደርምሶ ጤፌ ቢፈስ ማን ይለቅመዋል?»

«አብረን እንለቅመዋለን፣ አዴ።»

«እኔ ጉልበት የለኝም። አንቺና ሥራ አስኪያጁ ተንበርክካችሁ ትለቅማላችሁ።»

ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ። አቶ አሥራት አይስቁም።

የመጨረሻው ኩንታል ይከመራል። ብረቱ አንዴ ሲጥ ይላል። ሄመን በመስኮቱ አሻግራ፣ ከጣሪያው ሥር የታሰረውን መለኪያ ታያለች። መርፌው ቀዩን መስመር ካለፈ ብረቱ ጎብጧል ማለት ነው። መርፌው ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ይዘገያል፤ ሳይደርስበት ይቆማል። ትጠብቃለች። አይነቃነቅም።

አቶ አሥራት አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው የመለኪያውን መስታወት በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉታል። መርፌው እዚያው ነው።

«ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

«ጠዋት እርስዎ ፊት አይደል የሞከርነው?»

እንደገና ኳ ያደርጉታል። «በይ እንግዲህ፣ በዚሁ ብረት እንቀጥላለን» ብለው ይወርዳሉ። «ጭነቱ ይውረድ።»

«ለምን ይወርዳል?» ይላሉ አዴ ተረፈች። «መንገዱ እስኪከፈት እዚያው ይቀመጥ። ከመኪናዬ ይሻለዋል።»

ይህን ሲሉ ወደ አውቶቡሱ ገብተዋል። ከኩንታሎቹ ትክክል ሥር፣ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ሄመን ይውረዱ ልትላቸው አፏን ትከፍታለች፤ ትተወዋለች። ደረጃውን ወጥታ ከጎናቸው ትቀመጥና ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አስደግፋ ዓይኖቿን ትጨፍናለች።