አራት ዓሣና አንድ ሸርጣን

ሱሌይማን ወደ ጅቡቲ ሲሄድ ለአዲሷ ሙሽራው አንድ አደራ ብቻ ሰጣት፤ ሳሎን የቆመውን አኳሪየም።

«የባሕር ዓሣ ናቸው» አላት። «የቧንቧም ሆነ የሐይቅ ውሃ እንዳይነካቸው። ጨው ከሌለው ወዲያው ነው የሚሞቱት።»

ሩዋይዳ አንገቷን ደፍታ ሰማችው። ከባሏ ጋር ገና በቅጡ አልተላመዱም። የመጀመሪያ አደራውን ካጎደለች በምን ዓይኗ ታየዋለች?

በሳምንቱ ከአራቱ ዓሦች አንዱ ጠፋ። ሬሳ የለ፣ አጥንት የለ፣ እንደ ጉም ተነነ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላው። በሦስተኛው ዓርብ አንድ ብርቱካናማ ዓሣ ብቻውን ቀረ።

የምትሠራው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ነውና አገላብጣ ደረሰችበት፤ ከባሕር ድንጋይ ጋር ተሸሽጎ የሚመጣ ዓሣ በል ሸርጣን አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ ባትሪ ይዛ የድንጋዩን ስንጥቅ ብታይ ሁለት ዓይኖች አፈጠጡባት።

«እማ፣ ሌባውን አገኘሁት!»

አማቷ ወይዘሮ ሀዋ የረጠበ የቀሚሳቸውን ጫፍ እየጨመቁ ነበር። ዘወትር ዓርብ ክዳን ያለው ባልዲ አንጠልጥለው ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ወዳለው ገበያ፣ አሞራ ገደል ይወርዳሉ፤ ዘወትር «ተወዷል» ብለው ባዶውን ይመልሱታል።

«ተዪው፣ እሱ ምን አደረገ?»

«ሦስት ዓሣ በልቶ?»

«የኔስ ልጅ! ሐይቅ ደጁ ተኝቶ ባሕር ጭኖ ይመጣል» ብለው ሳቁ።

ሩዋይዳ አልሳቀችም። የሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጣ፣ የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ከትታ፣ ድንጋዩ ሥር አጠመደች። ጠርሙሱ ባዶውን ሰነበተ። ረቡዕ ሱሌይማን ደወለ።

«ቅዳሜ እገባለሁ። ዓሦቼስ?»

«ደ… ደህና» አለች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጠርሙሱ ተንኳኳ። ጠርሙሱን ከአኳሪየሙ አውጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና የፈላ ውሃ ሸርጣኑ ላይ ደፋችበት።

«አይ ጭካኔ!» አሉ ወይዘሮ ሀዋ ፊታቸውን አዙረው።

ዓርብ ጠዋት ብርቱካናማው ዓሣ ሲዋኝ አይታ ሥራ ገባች። አንድ እንኳ ተርፏል፤ እውነቱን ትነግረዋለች፤ ይቅር ይላታል።

ከሰዓት ስትመለስ አኳሪየሙ ውስጥ ውሃና ድንጋይ ብቻ ነበር።

ድንጋዩን አገላበጠች። ሶፋው ሥር ፈለገች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስታለቅስ ወይዘሮ ሀዋ ገቡ፤ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ትከሻዋን ዳበሱ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ማንም አልበላቸውም። ሱሌይማን ይቆጣል ብዬ ነው የደበቅኩሽ። በመስታወት ታስረው ሲዞሩ አንጀቴ አልችል ቢል፣ በየጁምዓው አንድ አንድ እያልኩ ሐይቁ ውስጥ ለቀቅኳቸው።»

ፊታቸው በራ።

«የዛሬውንማ ባየሽው! ገና ውሃው ሲነካው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ አላህን አመሰገነ።»