«ሁለቱንም ከፍላችኋል?»

«ደላላ ነህ! ገና ሳይህ ነው ያወቅኩህ!»

ብረት በያጁ አባት ጣቱን ሰውየው ላይ ቀስሮ ጮኸ...

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየ።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቦታው የኤምባሲ በር። በያጁ ሴት ልጁን ይዞ ነው የመጣው። ውጭ አገር ትምህርት አግኝታ አራት ሰዓት ላይ የቪዛ ቃለ መጠይቅ አላት።

ሰውየው ምን አጠፋ?

ምንም። አንገቱ የላላ ሹራብ ለብሶ ከሰልፉ ጎን ጎን እየሄደ ተማሪ የመሰለውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ሁለቱንም ከፍላችኋል?»

በየቀኑ ስለሚመጣ የበሩ ጥበቃ ሳይቀር «ጋሽ ሁለቱም» ብሎ ስም አውጥቶለታል።

ልጅቷ ግን ጆሮ ሰጠችው።

«ምኑን ነው ሁለቱን?»

«አንዱ የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ነው፣ እህቴ። ሌላው የተማሪዎች መዝገብ ክፍያ። ሁለቱም የምትሄጂበት አገር መንግሥት ክፍያዎች ናቸው፤ የሚከፈሉት ግን ለየብቻ ነው።»

አባቷ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ደረሰኙን መዘዘ...

ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። በተከፈለ ማግስት ወስዶ ላሚኔት አስደርጎታል!

«እንካ አንብብ! ክፍያው ተጠናቋል ይላል። ተ-ጠ-ና-ቋ-ል! ብረት ብበይድ ጭንቅላቴም ብረት መሰለህ እንዴ?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ልክ ናቸው አባባ፣ የጎረቤታችንንም ልጅ እንዲሁ ነው የበሉት» አለች ከኋላ ያለች ሴትዮ።

ሰውየው አልተቆጣም። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ገንዘባችሁን አልነካም። የመክፈያ አድራሻም አልሰጥሽም። ትምህርት ቤቱ የላከልሽን ደብዳቤ አውጪና እስከ መጨረሻው አንብቢው። በቃ።»

ልጅቷ ክው አለች...

ያ ደብዳቤ የመጣ ቀን ቤቱ በእልልታ ተናግቶ ነበር። አክስት አነበበችው፣ ጎረቤት አነበበው... ሁሉም ያነበበው ግን የመጀመሪያውን ገጽ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውን!

ሦስተኛውን ገጽ ማን ይገልጣል?

አሁን ገለጠችው።

«ከቃለ መጠይቁ በፊት የተማሪዎች መዝገብ ክፍያ መፈጸም ግዴታ ነው። ከቪዛው ክፍያ የተለየ ነው።» ከሥሩ የመንግሥቱ ድረ ገጽ አድራሻ ሰፍሯል።

«አባዬ... እውነቱን ነው።»

«እሱ ራሱ ጽፎት ቢሆንስ?»

«አባዬ! ሁለት ወር ሙሉ አንተ ፍራሽ ሥር የተኛ ደብዳቤ እኮ ነው!»

አባትየው ላብ አጠመቀው። ይሄ ቀጠሮ ካመለጣት ቀጣዩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ትምህርቱ ደግሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይጀመራል።

ልጅቷ ግን እጇን ዘረጋች።

«የባንክ ካርዱን አምጣ።»

«እሱ ላይ ያለው እኮ የትኬትሽ ነው!»

«ያለ ቪዛ ትኬት ምን ያደርግልኛል? ስለ ትኬቱ ነገ እንጨነቃለን። አሁን አምጣው።»

አባትየው ሰጣት። ልጁ እንዲህ ኮስተር ስትል አይቷት አያውቅም።

አድራሻውን ከደብዳቤው ላይ እያየች ፊደል በፊደል ስልኳ ላይ ጻፈች። አባቷ ሰውየው የካርዱን ቁጥር እንዳያይ ኮቱን ዘርግቶ ጋረዳት።

ሰውየው ግን ቀድሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር...

ተከፈለ! ደረሰኙን ከማዶ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ስትሮጥ ደረሰች። ሊጠሯት አሥር ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

መስኮቱ ጋ ስትደርስ መጀመሪያ የተጠየቀችው ምን ይመስላችኋል?

«የመዝገቡ ክፍያ ደረሰኝ?»

ፈገግ ብላ አቀበለች። የቀረውን ጥያቄ ቀና ብላ፣ ሳትንተባተብ መለሰች።

«አባዬ፣ ተፈቀደልኝ!»

አባትና ልጅ በሩ ላይ ተቃቅፈው ዘለሉ። ከዚያ አባትየው ብር አውጥቶ ወደ ሰውየው ሄደ።

«በድዬሃለሁ ወንድሜ። እንካ፣ ለሻይ እንኳ ትሁንህ።»

ሰውየው ወደ ኋላ ሸሸ።

«አባባ... ጠዋት ደላላ ሲሉኝ አልተሳሳቱም።»

«እ?»

«ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ በር ላይ ደላላ ነበርኩ። የአንድ ልጅ የመዝገብ ክፍያ ተቀብዬ በላሁት። ተከፍሏል፣ አታስብ አልኩት። እየሳቀ ገባ... ቪዛ ተከልክሎ ወጣ። ቢሰድበኝ ጥሩ ነበር። እሱ ግን እኔኑ አጽናናኝ! ሲስተሙ ይሆናል፣ አንተማ ከፍለህልኛል አለኝ።»

አባትየው የዘረጋውን ብር ቀስ ብሎ ወደ ራሱ መለሰ።

«ገንዘቡን መለስኩለት። ያቃጠልኩበትን ዓመት ግን ከየት አምጥቼ ልመልስለት?»

አባትየው ብሩን ኪሱ ከተተ። እጁን አልጨበጠውም፤ አልሰደበውምም።

«ስትዋሽ አመኑህ። እውነት ስትናገር ደግሞ ማንም አያምንህም፤ እኔም አላመንኩህም» አለው። «እንግዲያ ሰው አንተን ማመን የለበትም።»

ብሎት ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በያጁ አንድ ነገር ተሸክሞ መጣ... በሁለት የብረት እግር የቆመ የላሜራ ሰሌዳ። ራሱ በይዶ፣ ልጁ በቀለም ጽፋበታለች።

«ተማሪዎች፦ ክፍያው ሁለት ነው። ደብዳቤያችሁን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብቡ። ራሳችሁ ክፈሉ። ለማንም ሰው ገንዘብ አትስጡ።»

ሰውየው ደጋግሞ አነበበው።

«የመጨረሻዋን መስመር ላንተ ብዬ ነው ያስጻፍኳት» አለው በያጁ።

ሰውየው ሳቀ። ከዚያ የሰሌዳውን አንድ ጎን ያዘ፤ በያጁ ሌላውን ያዘ፤ ተጋግዘው አቆሙት።

ውድ ቤተሰቦች... እውነት ከማንም አፍ ልትወጣ ትችላለች። ተናጋሪውን ከመስደባችንም ከማመናችንም በፊት ወረቀቱን ገልጠን ራሳችን እናንብብ። ያጠፋም ሰው ቢሆን የበደለው ቦታ ላይ ተመልሶ መቆም ከቻለ፣ ገና አልጠፋም።

አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው...

የዚያ ዓመቱ የተቃጠለበት ልጅ እናት ወይም አባት ብትሆኑ፣ ይህን ሰው በሩ ላይ ስታገኙት ምን ትሉት ነበር? ከልባችሁ ጻፉልን 👇