የወንበሩ ሞላ

ሞተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠፋ። አባዬ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ።

«ደግሞ ምን ነካት?»

«ቆይ፣ ሽቦ ይሆናል» አልኩና ተንበረከክሁ።

አምስት እሑድ ፈጅታብናለች። ተቀምጠው የሚነዷት የሣር ማጨጃ ናት፤ አባዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኳስ ሜዳ ሣር አጭዶባታል። አርጅታለች ብለው ሲጥሏት ለምኖ አስጎትቶ አመጣትና ጓሮ አቆማት፤ እዚያው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ኖረች። እኔ ካርቡራተሯን አጠብኩ፣ ካንዴላዋን ለወጥኩ፣ ቺንጊያዋን ቀየርኩ፣ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ቀለም ቀባኋት። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ይነቅፋል። የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፤ ለእሱ ግን ዛሬም ቡሎን ማጥበቅ የማልችል ልጅ ነኝ። ስትጠገን ከቤታችን ጀርባ ያለውን ሜዳ ራሱ ሊያጭድ ቃል አስገብቶናል። በስምንት ወር ሕመሙ የጠየቀን ነገር ይሄ ብቻ ነው።

«ዘይቷን አይተሻል?» አለች እማዬ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ። ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር ቢኖር ዘይት እንደሚፈልግ ነው።

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ቤንዚኑ ነው። የዘንድሮ ቤንዚን ውሃ ነው።»

አባዬን አስወርጄ እኔ ተቀመጥኩ። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳች። እግሬን ከፍሬኑ ላይ አነሳሁ፤ ምንም አልሆነችም። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞሬ ተመለስኩና ወረድኩ። እሱ ወጣ። ገና እግሩን ከፍሬኑ ሲያነሳ ጠፋች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ክው አልኩ።

ፍሬኑ ሲለቀቅ ወንበሯ ላይ ሰው ከሌለ በራሷ እንድትጠፋ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ከወንበሩ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ የተቀመጠው ሰው ክብደት ወንበሩን ዝቅ ሲያደርገው እሷን ይጫናታል። የወንበሩ ሞላዎች አልቀው ስለነበር ከተጣለ አውቶቡስ የሾፌር ወንበር ላይ ሁለት ወፋፍራም ሞላ ፈትቼ ገጥሜላታለሁ። ስመርጣቸው አባዬን አስቤ ነው። ግን ያሰብኩት የድሮውን፣ ጓደኞቹ «በርሜሉ» የሚሉትን፣ ሶፋው ላይ ዘፍ ሲል እኔን ከሌላኛው ጫፍ ብድግ የሚያደርገኝን ሰውዬ ነበር። አሁን የተቀመጠባትን ግን ሰው ብላ አልቆጠረችውም።

ይህ ነገር በቤታችን አይነሳም። ክሊኒክ ሄደን ሚዛን ላይ ሲወጣ እኔ ፊቱ እቆምና ቁጥሩን እጋርደዋለሁ። እማዬ እሱ ሲተኛ ሱሪዎቹን እያጠበበች ትሰፋቸዋለች፤ ጠዋት ሲለብስ «አየህ፣ ልክህ ነው፣ ምን ቀነስክ!» ትለዋለች። አምኖናል ብለን ነበር።

«ሽቦው ነው» አልኩ እንደገና። እኔንም አላሳመነኝም።

«ሽቦው አይደለም» አለ አባዬ። መሪውን ለቆ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ። «አንቺ ስትቀመጪ ደህና የሆነ ሽቦ እኔ ስቀመጥ አይበላሽም። ስንት ኪሎ ነኝ?»

እማዬ ከደረጃው ተነሳች። «አንተ ደግሞ! ፊትህ እኮ ተመልሷል! ትናንት ጎረቤታችን እንኳን አይታህ...»

«ሱሪዬ ቡኒ ነው፤ አንቺ የሰፋሽበት ክር ጥቁር ነው» አላት፣ ሳይቆጣ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሣር ጫፍ ሳስተካክል ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

እማዬ አፏን በመዳፏ ያዘች። እሱ ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንጂነሯ፣ አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

መዋሸት እችል ነበር፤ ስምንት ወር ተለማምጄዋለሁ።

«አርባ ስምንት» አልኩት።

ቁልቁል የተቀመጠበትን ወንበር አየ። ከዚያ «በርሜሉ ያፈስ ነበር በይኛ!» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። አዝኛለሁ፤ ከማዘኔ ይልቅ ግን አፍሬ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አለኝ፤ «ለአርባ ስምንት ኪሎ ሥሪያት።»

መፍቻውን አነሳሁ። ሞላዎቹን ወጥረው የያዙትን ዳዶዎች ጥቂት ጥቂት አላላሁ። «ተቀመጥ» አልኩት። ተቀመጠ፣ ጠፋች። «ተነስ።» ተነሳ። ደግሞ አላላሁ። በየመሀሉ የማጨጃዋን ጎን ይዞ ትንፋሹን ይሰበስባል፤ ልደግፈው ስል በክርኑ ገፋ ያደርገኛል። በአራተኛው ተቀምጦ ቁልፉን አዞረ፣ እግሩን ከፍሬኑ አነሳ፤ ሞተሩ ቀጠለ።

እማዬ አጨበጨበች። እኔ ወደ ሜዳው የሚያወጣውን በር ልከፍትለት ተነሳሁ። እሱ ግን አልነዳም፤ እየተንዘፈዘፈ ባለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ዳዶዎቹን አንድ ዙር ደግሞ ልቀቂላት» አለኝ፣ ድምፁን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጎ።

«በቃ እኮ አባዬ፣ እየሠራች ነው!»

«ለዛሬው ኪሎዬ ነው የምትሠራው። ሣሩ ገና ክረምቱን ሙሉ ይበቅላል።»

ማጨብጨቡ ቆመ። አባዬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ቦታ ለቀቀልኝ። ተንበርክኬ ዳዶዎቹን አንድ ዙር አላላሁና ቀና ብዬ አየሁት። በቃ አላለኝም። አንድ ዙር ደግሞ ጨመርኩ።