ዘጠኝ ቀን ያልተንቀሳቀሰው ነጥብ

ጋሽ ውብሸት በጠፈር ምርምር ጣቢያው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። በየቀኑ ረፋድ ላይ ማጣሪያ በተገጠመለት ቴሌስኮፕ ፀሐይን እያዩ፣ ላይዋ ላይ የሚወጡትን ጥቁር ነጥቦች በወረቀት ይስላሉ።

አዲሷ ኃላፊ ዶክተር ማስተዋል የሰሞኑን ሥዕሎች ጠረጴዛቸው ላይ ወረወረችላቸው።

«ነጥቦቹ ከፀሐይዋ ጋር ይዞራሉ። ይሄኛው ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከመሀል ንቅንቅ አላለም። የሚስሉት የሌንስ ቆሻሻ ነው።»

«እኔ ሌንስ መወልወል ስጀምር አንቺ ገና ፊደል አልቆጠርሽም» አሏት። እያየቻቸው የቴሌስኮፑን ሌንስ ወለወሉና፣ እንደ ልማዳቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኙ ተመለከቱ። ነጥቡ እዚያው ነው።

«ይኸው፣ እይው።»

ጎንበስ ብላ አየች፤ ቆየችበትም። «ምንም የለም» አለች ቀና ስትል። «ሠላሳ ዓመት ሲያታልሉ ነው የኖሩት ማለት ነው። የጡረታ ማመልከቻዎን ነገ ያምጡ።»

ጋሽ ውብሸት ገፋ አድርገዋት እንደገና አዩ። ነጥቡ አለ። ውሸታም ሊሏት ግራ ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ዞሩ። ፊቷ አልታያቸውም፤ በቦታው ያ ጥቁር ነጥብ ተቀምጧል። ወደ ነጩ ግድግዳ ዞሩ። እዚያም አለ።