ወደ ውስጥ የገባው ጥግ

ኪንሲ ስድስተኛውን መስመር ስባ ጠመኔውን ከማስቀመጧ መምህር ገብረወልድ ሳቀ። ሲስቅ ደግሞ እሷን አላየም፤ ያየው ከኋላ አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ወላጆች ነው።

«ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ሥሪ ነበር ያልኩሽ። ይኼ ምንድነው? የተሰበረ ሣጥን?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የወላጆች ቀን ነው፤ ጎበዝ የተባለ ተማሪ በወላጆቹ ፊት ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚሠራበት ቀን። ኪንሲ አባቷን ሂርሲን ያመጣችው በስንት ልመና ነው። ሂርሲ ከሰባተኛ ክፍል በላይ መማር ለሴት ልጅ ምን እንደሚጨምርላት አልታየውም፤ ከመስከረም ጀምሮ መጋላ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቁ እንድትቀመጥ ወስኗል። «መጥተህ እየኝና ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን በል» ብላው ነው የመጣው። ይኸው አሁን አየ፤ ሰው ሲስቅባት አየ።

ደሟ ፈላ።

«ይቁጠሩት፣ መምህር» አለች። «ጎኑ ስድስት፣ ማዕዘኑም ስድስት። አምስቱ ዘጠና ዘጠና ዲግሪ ናቸው። ይኼ ወደ ውስጥ የገባው ሁለት መቶ ሰባ ነው። ሲደመር ሰባት መቶ ሃያ ይመጣል። የባለ ስድስት ጎን ድምሩ ይኼው ነው ያሉን እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

«እኔ ያስተማርኩሽ እንደ ማር እንጀራ ያለውን ነው! ጎኑ እኩል፣ ማዕዘኑ ሁሉ መቶ ሃያ! መጽሐፉ ላይ የተሣለው እሱ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን የሚባል ነገር የለም።»

የለም ይላል እንዴ! ኪንሲ የሣለችው የገዛ ግቢያቸውን ነው። ግንቡ ወደ ውስጥ በታጠፈበት በዚያ ጥግ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነው ፊደል የቆጠረችው። አሁን አንድ ሰው ጠመኔ ስለያዘ ብቻ ጥጉ የለም ሊላት ነው።

መምህሩ ዳስተሩን አነሳ። ወደ ውስጥ የታጠፉትን ሁለት መስመሮች ጠረገና ከላይም ከጎንም ቀጥ አድርጎ ዘጋው። ቅርጹ ባለ አራት ጎን ሆነ። «ቢያንስ እንዲህ ቢሆን ያምርበታል» አለ።

«አቦ! አንተ ሰውዬ፣ ምን አደረግህ?»

ሂርሲ ብድግ ብሏል። ድሬዳዋ ውስጥ ትልቁም ትንሹም አንተ ነው፤ እርስዎ ካልተባለ የማይሰማው ይህ ደገኛ መምህር ግን እስከ ዛሬ አልለመደውም። ፊቱ ቀላ።

«ትምህርት ላይ ነን፣ አቶ ሂርሲ።»

«የምን ትምህርት! እሱ የኔ ግቢ ነው፤ ልጄ ስትሥለው ገና ነው ያወቅሁት። ግንቡ እዚያ ጋ የታጠፈው የደሄቦ የውሃ ጉድጓድ ስላለ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ዱዓና ፋቲሐ ተደርጎ ነው ያጠፍኩት! አንተ አሁን የሰው ጉድጓድ ወስደህ እኔ ግቢ ከተትክ። ሴትዮዋ እዚሁ ቁጭ ብላ!»

ለልጇ የመጣችው ጎረቤታቸው ደሄቦ ሻሿን አጥብቃ ተነሳች። «ወላሂ፣ ውሃዬን ወስዷል» አለች።

«ይኼ የመሬት ክርክር አይደለም!» መምህሩ ጮኸ። «ጂኦሜትሪ ነው! ኪንሲ፣ ዜሮ! ሂጂ ተቀመጪ!»

ኪንሲ አልተቀመጠችም። እንባዋ ዓይኗ ላይ ቀርቷል፤ የንዴት እንባ ነው፣ እንዲወርድ አልፈለገችም። ልክ ሠርታ ዜሮ! ያውም በአባቷ ፊት! ሱቁ፣ ሜትሩ፣ የጨርቁ ጥቅል ሁሉ ታያት፤ መስከረም ከዚያ ሊጀምር ነው።

ሂርሲ ሰሌዳው ላይ ያለውን ባለ አራት ጎን በጥላቻ አየው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ።

«ኪንሲ፣ ሱቁን እርሺው» አለ። «ይኼ ሰውዬ እዚህ እስካለ አንቺም እዚህ ነሽ። እንዲህ እያደረገ የስንቱን ግቢ ሊያበላሽ ነው?»

ኪንሲ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገችና ጠመኔውን አነሳች። ዳስተሩ መምህሩ እጅ ነበርና የእሱን ሁለት መስመሮች በመዳፏ አጠፋቻቸው። ግንቡንም መልሳ ወደ ውስጥ ማጠፍ ጀመረች።

«ሰፋ አድርጊው፣ ልጄ» አለች ደሄቦ ከኋላ፣ «ጉድጓዱን ባልዲ ይዤ ነው የምዞረው።»