እሾህ የቀረባት በለስ

ባሏን ቀብራ የተመለሰችው ሴት ሳህኑ ላይ የቀረችውን አንዲት በለስ አነሳች። ሆስፒታል በገባባት ጠዋት ካፈራው የጓሮ ቁልቋል ለቅሞ፣ በጨርቅ ጠራርጎ፣ "በሞቴ ብዪልኝ፣ እሾህ የሚባል የላትም" ብሎ ያስቀመጠላት ነበረች። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ እሾህ ሳያስቀር ጠርጎ አያውቅም። እሷ ግን አንድም ቀን ወጋኝ አላለችውም፤ "እጅህ ይባረክ" ትለውና ጓዳ ገብታ ከከንፈሯ ላይ በወረንጦ ትነቅል ነበር።

ልጣጯን ገፍፋ ገመጠቻት። ከንፈሯን ወጋት።

"ውይ እማዬ፣ እሾህ ነው? ቆይ፣ ወረንጦ ላምጣልሽ!" ብላ ሴት ልጇ ብድግ አለች።

እናት አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

"ተይው የኔ ልጅ። የአባትሽ ነው፤ ዛሬን እንኳ አብሮኝ ይደር።"