ከሩዙ አጠገብ ያለው ጥጥ

የጨጓራ ካንሰሩ በቀዶ ጥገና ከወጣለት በኋላ ቶኩጂ በየወሩ ለምርመራ ደም ይሰጥ ነበር። ቤት ሲመለስ ክንዱ ላይ የተለጠፈለትን ጥጥ ልጦ ከሩዝ ሳህኑ አጠገብ ያስቀምጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ገበታ ነው ክሊኒክ?» ትለዋለች ሚስቱ ሺዙ።

«ውጤቱን ንገሪኝና አነሳዋለሁ።»

ሐኪሙ ውጤቱን የሚነግረው ለእሷ ነበር። «ደሙ ውስጥ ያለው የካንሰር ምልክት ጨምሯል። ወደ ሌላው የሆድ ዕቃ ሳይዛመት አልቀረም። እርስዎ ይንገሩት» ብሏታል።

«ወርዷል» ትለዋለች እሷ።

«እስቲ ሙት በይኝ?»

«አንተ ትሙት፣ ወርዷል!»

ቶኩጂ ከወንድሙ ከዮሺሮ ጋር ከተኳረፈ ቆይቷል። ሊታረቀው ይፈልጋል፤ ነገር ግን «ምን አስቸኮለኝ፣ በረዶው ይቅለጥና እሄዳለሁ» አለ። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። ዮሺሮ የደረሰው አስከሬኑ በአገሩ ወግ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሺዙ በየጠዋቱ እቤት ባለው የሙታን መሠዊያ ላይ ትኩስ ሩዝ ታኖርለታለች። አንድ ቀን ከሳህኑ አጠገብ ጥጥ አገኘች። የቆየ መስሏት ጣለችው።

በወሩ፣ ደም ይሰጥበት በነበረው ቀን፣ ሳህኑን ልታነሳ ስትመለስ ሌላ ጥጥ ተቀምጧል። አነሳችው። መሃሉ ላይ ያለው ደም ገና እርጥብ ነበር፤ ጣቷን አቀላው።

«ወርዷል» አለች፣ ልማድ ሆኖባት።

ከኋላዋ፣ ከገበታው በኩል፣ የምታውቀው ድምፅ ሳቅ ብሎ ጠየቃት።

«እስቲ ሙት በይኝ?»